«ተለቅ ያለ ቪቴ አስገባበት» አትበሉኝ

ፒያሳና አራት ኪሎ አካባቢ አሮጌ ቤት ስጠግን እንደዚህ አባባል የሚያንገሸግሸኝ የለም። የበር ማጠፊያ ላልቶ ቪቴው ባዶውን ሲዞር የሁሉም መፍትሔ «ተለቅ ያለ አስገባበት» ነው። ስህተት ነው።

ቪቴ እንጨት የሚይዘው በጥርሱ ነው። ጥርሱ የነከሰው እንጨት ሲደቅ ቀዳዳው ይሰፋል። ወፍራም ቪቴ የቀረውንም ይጨርሰዋል። የደረቀ አሮጌ እንጨት ደግሞ ይሰነጠቃል። ጭንቅላቱም ማጠፊያው ላይ ልክ ስለማይቀመጥ በሩ አልገጥም ይላል።

አንድ ጊዜ አራት ኪሎ አንዲት እናት ጠሩኝ። «ልጄ፣ ሦስት ሰው ሠርቶት ሦስቴም ወደቀ» አሉኝ። «እማማ፣ እስቲ ልየው» ብዬ የላይኛውን ማጠፊያ ፈታሁ። ጣት የሚያህል ቪቴ ወጣ። ጫፉ ላይ ጭቃና ጭድ ተጣብቋል። መቃኑን አልፎ ግድግዳው ውስጥ ገብቶ ኖሯል። ጭቃ ምን ሊይዝ!

ቀዳዳውን በ8 ሚሊ ድሪል አጸዳሁት። ከደረቀ ዝግባ ክብ ችካል ጠርቤ፣ ነጭ ኮላ ቀብቼ መታሁበት። በማግስቱ ትርፉን ቆረጥኩ። ቪቴውን የሚመራ ቀጭን ቀዳዳ በ3 ሚሊ ድሪል በስቼ ለማጠፊያው ልክ የሆነውን 4 ሚሊ ቪቴ በእጅ ካቻቪቴ አሰርኩት። እማማ በሩን አምስት ስድስት ጊዜ ከፍተው ዘጉት።

ድሪል ከሌላችሁ ስቴኪኒ ኮላ እየነከራችሁ ቀዳዳው እስኪሞላ ጠቅጥቁበት። 24 ሰዓት አትንኩት። ለቁም ሳጥን በር ይበቃል፤ ለከባድ በር ግን ችካሉ ይሻላል።

«ሚስማር ይበቃዋል» የሚሉም አሉ። በሩ በተከፈተ ቁጥር እየተነቃነቀ ራሱ ይወጣል። ፌስታል መጠቅጠቅም እንደዚያው ነው፤ ለጊዜው የያዘ ይመስላል እንጂ ኮላ እንኳን አይቀበልም። ቪቴው እንዲገባ ሳሙና መቀባት ደግሞ እርጥበት ስቦ ያዝገዋል። ሻማ ቀቡት።

ሌላው የሚያናድደኝ «ክረምት ነው ያሳበጠው፣ ይላግ» የሚሉት ነው። እንጨት በክረምት ማበጡ እውነት ነው። ግን መላጊያ ከማንሳታችሁ በፊት በሩን ገርበብ አድርጋችሁ፣ እጀታውን ይዛችሁ ወደ ላይ አንሡት። የላይኛው ማጠፊያ ከተነቃነቀ በሩ ያዘቀዘቀው ቪቴው ስለላላ ነው። የተላገ እንጨት አይመለስም፤ በጋ ሲገባ በክፍተቱ ብርድ ይገባባችኋል።

ካቻቪቴውን መቃኑ ላይ ስትጫኑት ከሰመጠ ግን እንጨቱን ምስጥ በልቶታል ወይም በስብሷል። እዚያ ላይ ስቴኪኒም ችካልም አይሠራም። የተበላሸውን ክፍል ደህና እንጨት እስክታገኙ ድረስ ቆርጣችሁ አውጡና በደረቅ እንጨት ተኩት።