በአሜሪካ ለኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የገንዘብ ድጋፍ ማመልከት

ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ በአሜሪካ በየአካባቢው የሚገኝ የሁለት ዓመት የመንግሥት ኮሌጅ ነው። አሶሺየት ዲግሪና የሙያ ሰርተፍኬት ይሰጣል፤ ብዙ ተማሪዎችም ሁለቱን ዓመት እዚያ ጨርሰው ወደ ዩኒቨርሲቲ ይዛወራሉ። ክፍያው ዝቅ ያለ በመሆኑ፣ ገቢው አነስተኛ ለሆነ የስቴቱ ነዋሪ የፌደራል መንግሥቱ ግራንት (የማይመለስ የገንዘብ ድጋፍ) ብዙ ጊዜ የትምህርቱን ዋጋ ችሎ ለመጽሐፍና ለትራንስፖርት ይተርፋል። ገንዘቡ የሚጠየቀው ፋፍሳ በሚባል ቅጽ ነው። ስቴቶችና ኮሌጆችም የራሳቸውን ድጋፍ ሲያድሉ አብዛኛውን ጊዜ ይህንኑ ቅጽ ያያሉ።

የሥርዓቱ መሠረት በ1965 የወጣው የከፍተኛ ትምህርት ሕግ ነው። የማይመለሰው የግራንት ገንዘብ በ1972 ተጨመረ፤ በ1980 ደግሞ በሮድ አይላንዱ ሴናተር በክሌበርን ፔል ስም ፔል ግራንት ተባለ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ለ2025–26 የትምህርት ዘመን ከፍተኛው ፔል ግራንት 7,395 ዶላር ነው። ቅጹ ሲሞላ የቤተሰቡን የመክፈል አቅም የሚለካ ኤስ ኤ አይ የሚባል ቁጥር ይወጣል። ቁጥሩ እስከ −1,500 ሊወርድ ይችላል፤ ዜሮና ከዚያ በታች የሆነለት ሙሉውን ያገኛል። ከዜሮ በላይ ከሆነ በአብዛኛው ከከፍተኛው ላይ ይቀነሳል፤ ኤስ ኤ አዩ 2,000 የሆነ ተማሪ ለዓመቱ 5,395 ዶላር ይደርሰዋል። ይህ ግን በሴሚስተር 12 ክሬዲት ለሚወስድ ነው። 9 ክሬዲት የያዘ 75 በመቶውን፣ 6 የያዘ ግማሹን ብቻ ያገኛል። ስለዚህ ያው ተማሪ በ9 ክሬዲት ለአንድ ሴሚስተር ወደ 2,023 ዶላር ይወርዳል። ሥራ ስለበዛበት አንድ ኮርስ የሚጥል ሰው ይህን ሒሳብ ከመጣሉ በፊት ቢሠራው ይሻለዋል።

ማን ያገኛል ለሚለው፣ ዜጋና ግሪን ካርድ ያለው ሰው ያመለክታል፤ በዲቪ የመጣም እንደ ማንኛውም ግሪን ካርድ ያዥ ነው። ስደተኝነቱ የጸደቀለትና ጥገኝነት የተፈቀደለትም እንዲሁ። የጥገኝነት ጉዳዩ ገና በውሳኔ ላይ ያለ ሰው ግን የሥራ ፈቃድና ሶሻል ሴኩሪቲ ቢኖረውም የፌደራል ገንዘብ አያገኝም፤ ቲ ፒ ኤስ በሚባለው ጊዜያዊ ከለላ ላይ ያለና በተማሪ ቪዛ የመጣም አያገኝም። እንዲህ ላሉት አንዳንድ ስቴቶች የተለየ ማመልከቻ አላቸው፤ ካሊፎርኒያ፣ ዋሽንግተን ስቴትና ቨርጂኒያ ከነዚህ ይገኙበታል።

ሐበሻውን ብዙ ጊዜ የሚያስደነግጠው ሌላ ነው። ፔል ግራንት የመጀመሪያ ዲግሪ ለሌለው ሰው የተመደበ ነው፤ ዲግሪው ከኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ ቢሆንም ዲግሪ ነው። አዲስ አበባ በአካውንቲንግ ተመርቆ እዚህ ነርሲንግ ልጀምር የሚል ሰው ፔል አይሰጠውም። ለእሱ የሚቀረው ብድር፣ ዎርክ ስተዲ የሚባለው የተማሪ ሥራና የስቴት ወይም የኮሌጁ ስኮላርሺፕ ነው። ዲግሪውን ደብቆ "የለኝም" ብሎ መሙላት በፌደራል ቅጽ ላይ መዋሸት ነው፤ ትራንስክሪፕቱ ለክሬዲት ማዛወሪያ ሲቀርብም ይወጣል። ዲግሪ የሌለው፣ 12ኛ ክፍልን አገር ቤት የጨረሰ ሰው ግን ችግር የለበትም። ኮሌጁ የተተረጎመ ወይም የተገመገመ ማስረጃ ሊጠይቀው ስለሚችል ሰነዱን ቀድሞ ማስመጣት ነው። ክሬዲት የሌለው የእንግሊዝኛ ትምህርት ብቻውን በፔል አይከፈልም።

ቅጹ በመደበኛው ጊዜ ኦክቶበር 1 ይከፈታል፤ የፌደራሉ መዝጊያ የትምህርት ዘመኑ በሚያልቅበት ጁን 30 ነው። ያንን ቀን መጠበቅ ግን አያዋጣም፣ የስቴቶች ገንዘብ ቀድሞ ይዘጋልና፤ የሜሪላንድ ለምሳሌ ማርች 1 ነው። በየዓመቱ እንደገና ይሞላል። የሚታየው ገቢም የሁለት ዓመት ወደኋላ ነው፤ ለ2025–26 የታየው የ2023 ታክስ ነው። ከዚያ ወዲህ ሥራ የጠፋበት ሰው ቅጹን እንዳለ ሞልቶ፣ ማስረጃ ይዞ የኮሌጁን ፋይናንሻል ኤይድ ቢሮ እንዲያስተካክልለት ይጠይቃል። ቢሮው ይህን የማድረግ ሥልጣን አለው።

መጀመሪያ ተማሪው በስቱደንትኤይድ ዶት ጎቭ ላይ የራሱን አካውንት ይከፍታል። ስሙና የልደት ቀኑ ከሶሻል ሴኩሪቲ መዝገብ ጋር በፊደል መመሳሰል አለባቸው። ብዙ ማመልከቻ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። የእኛ ስም የቤተሰብ ስም የለውም፤ አንዱ ወረቀት ላይ የአባት ስም፣ ሌላው ላይ የአያት ስም መጨረሻ ላይ ተጽፎ ይገኛል። ወላጅና ልጅ መጨረሻ ስማቸው አለመመሳሰሉ ምንም አይደለም፤ የእያንዳንዱ ስም ከየራሱ ካርድ ጋር አለመመሳሰሉ ነው ችግሩ። ልደቱ በስደተኛ ካምፕ ጃንዋሪ 1 ተብሎ የተመዘገበም እውነተኛ ቀኑን ሳይሆን የተመዘገበውን ይጻፍ። ግሪን ካርዱ ላይ ያለው ኤ ቁጥር ዘጠኝ አሃዝ መሆን አለበት፤ ካነሰ ፊት ላይ ዜሮ ይጨመራል።

ቀጥሎ ቅጹ የማን ገቢ እንደሚታይ ይወስናል። ከ24 ዓመት በታች የሆነ፣ ያላገባ፣ ልጅ የማያሳድግ፣ ወታደር ያልነበረ ተማሪ በአብዛኛው የወላጆቹ ጥገኛ ተብሎ ይቆጠራል፤ ለብቻው መኖሩና ራሱን መቻሉ ይህን አይለውጥም። ወላጅ የራሱን አካውንት ከፍቶ የታክስ መረጃው ከፌደራሉ የታክስ መሥሪያ ቤት ከአይ አር ኤስ በቀጥታ እንዲመጣ መፍቀድ አለበት። ታክስ ያላስገባ ወላጅም ይፈቅዳል፤ ያለ ፈቃዱ ፌደራል ድጋፍ የለም። ወላጆቹ ተፋተው ከሆነ ባለፉት 12 ወራት የበለጠ የረዳው ይሞላል።

አጎቱ ወይም አክስቱ ቤት የሚኖር ልጅ የእነሱን ገቢ አይሞላም፤ በሕግ በጉዲፈቻ ካልወሰዱት በቀር ለፋፍሳ ወላጅ አይደሉም። ወላጆቹ ኢትዮጵያ ካሉ ያለ ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር አካውንት ይከፍታሉ፤ የብር ገቢያቸውም ቅጹ በሚሞላበት ቀን ምንዛሪ ወደ ዶላር ተለውጦ በእጅ ይገባል። የሚኖሩበት ቤት አይቆጠርም፤ የሚያከራዩት ኮንዶሚኒየም ግን ንብረት ነው። በስደተኝነት ወይም በጥገኝነት ፈቃድ መጥቶ ከወላጆቹ ጋር ሊገናኝ ያልቻለ ተማሪ ደግሞ "ልዩ ሁኔታ" የሚለውን ይመርጣል፤ ኮሌጁ ማስረጃውን አይቶ ያለ ወላጅ ሊቀበለው ይችላል። ይህ መንገድ በሕጉ ላይ በግልጽ ተጽፏል፤ የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው።

ቅጹን መሙላት ነጻ ነው። ታክስ ከሚሠራለት ሰው ጋር የይለፍ ቃሉን ተካፍሎ ከፍሎ የሚያስሞላ አይጠፋም። እንዲህ ያደረገ ተማሪ በየዓመቱ መግቢያውን ሲፈልግ ወደዚያው ሰውዬ መሮጡ ነው፤ ፊርማውም የራሱ መሆኑ ይቀራል።

ከተላከ በኋላ ነገሩ ወደ ኮሌጁ ይዞራል። ቬሪፊኬሽን የሚባል ማጣራት ከደረሰው ተማሪው የታክስ ትራንስክሪፕት፣ የቤተሰብ ቁጥርና መሰል ወረቀት ይጠየቃል። ጥያቄው የሚመጣው ብዙ ጊዜ ተማሪው ከፍቶት በማያውቀው የኮሌጁ ኢሜይል ነው። መልስ እስኪሰጥ ገንዘቡ አይለቀቅም፤ የክፍያ ቀን ካለፈም ኮሌጁ ከተመዘገበባቸው ክፍሎች ሊያስወጣው ይችላል።

ገንዘቡ መጀመሪያ ለኮሌጁ ይገባል፣ ትርፉ ለተማሪው ይመለሳል። ይህን ተመላሽ ቶሎ ማጥፋት አደጋ አለው። ሴሚስተሩ 60 በመቶ ሳይሞላ ሁሉንም ኮርስ የተወ ሰው የወሰደው ተሰልቶ ከፊሉ ይመለሳል፤ ተማሪው የኮሌጁ ባለዕዳ ይሆናል፤ ዕዳውም የሚቀጥለውን ምዝገባ ሊያግድበት ይችላል። በብዙ ኮሌጆች ደንብ መሠረት አማካይ ውጤት 2.0፣ ከተመዘገበው ክሬዲትም ወደ 67 በመቶው መጠናቀቅ አለበት። በ60 ክሬዲት ለሚያልቅ ዲግሪ ከ90 ክሬዲት በላይ መሞከርም ድጋፉን ያቋርጣል። ፔል በሕይወት ዘመን ለ12 ሙሉ ሴሚስተር ያህል ብቻ ነው፤ ኮርስ እየጣሉና እየደገሙ መቆየት በኋላ ለዩኒቨርሲቲ የሚያስፈልገውን ይበላል።

ከፔል ጎን የስቴት ገንዘብ አለ። ቨርጂኒያ ጂ ስሪ በሚባለው ፕሮግራም ለተወሰኑ ተፈላጊ ሙያዎች ትከፍላለች፤ ሚኒሶታ ከ2024 መጸው ጀምሮ ገቢያቸው ከ80,000 ዶላር በታች ለሆኑ ቤተሰቦች ከሌላ ግራንት የቀረውን የትምህርት ክፍያ ትሸፍናለች፤ የካሊፎርኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጆችም በዩኒት (በአንድ ክሬዲት) 46 ዶላር የሆነውን ክፍያ ለችግረኛ ያነሣሉ። ብድር በቀረበው ዝርዝር ውስጥ ከግራንቱ ጋር ተደርድሮ ስለሚመጣ ሁሉንም "ተቀበል" የሚል ሰው ሳያስበው ተበዳሪ ይሆናል። ግራንቱን ብቻ ተቀብሎ ብድሩን መተው ይቻላል፤ ከተፈለገ ደግሞ ወለዱ በትምህርት ጊዜ በመንግሥት የሚከፈለው ሰብሲዳይዝድ የሚባለው ይቀድማል፤ ለዚህም ቢያንስ 6 ክሬዲት መያዝ ግዴታ ነው።