«ኦቨርፕሪንት» ምንድን ነው? «ኦርጅናል ነው» ሲባልስ ምኑ ነው ኦርጅናሉ?

ኦቨርፕሪንት ማለት ታትሞ ባለቀ ቴምብር ላይ በኋላ የሚመታ ጽሑፍ ነው። ዋጋ ሲቀየር ወይም የአገር ስም ሲጨመር አዲስ ቴምብር እስኪታተም አይጠበቅም፤ ባለው ላይ ይመታበታል፣ አለቀ።

የኛን እንይ። የምኒልክ የመጀመሪያዎቹ ቴምብሮች በ1894 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ነው የተዘጋጁት። ሰባት ናቸው፤ አራቱ ላይ ንጉሡ፣ ሦስቱ ላይ አንበሳው አለ። በ1901 «ኤትዮፒ» የሚል የፈረንሳይኛ ጽሑፍ ተመታባቸው፣ በ1902 ደግሞ በኛው ፊደል «ቦስታ»። (አዎ፣ በ«ቦ»። ያኔ እንደዚያ ነበር የሚባለው።)

ጣጣው እዚህ ይጀምራል። ምንም ያልተመታበት ቴምብር በብዛት ተርፏል፣ ዋጋውም ያን ያህል አይደለም። የተመታበት ግን ይወደዳል። ስለዚህ አንዱ ብልጥ ርካሹን ይገዛና ማህተም አስቀርጾ ራሱ ይመታበታል። ወረቀቱ እውነተኛ፣ ቀለሙ እውነተኛ፣ የጠርዙ ጥርስ እውነተኛ፤ ውሸቷ «ቦስታ» የምትለዋ ሦስት ፊደል ብቻ ናት።

እና ኢንተርኔት ላይ «ኦርጅናል ምኒልክ፣ ዋጋ በኢንቦክስ» የሚለው ሰውዬ፣ እንግዲህ ምን ትሉታላችሁ፣ አልዋሸም እኮ! ቴምብሩ ኦርጅናል ነዋ። እኔም በዚሁ ቃል ተሸውጃለሁ። ፎቶው የፊቱ ብቻ ነበር፣ ያውም ደብዛዛ። እጄ ሲገባ በማጉያ መነጽር ባየው የ«ስ» እግር የፖስታ ቤቱ ማህተም ላይ ተደርቧል። ደብዳቤው መጀመሪያ ተላከ፣ ኦቨርፕሪንቱ ከዚያ በኋላ ተመታ ማለት ነው!

ጨዋ ሰብሳቢ የራሱን ቴምብር ፎቶ ነው የሚለጥፈው፣ ከሌላ ሰው ሽያጭ የተቀዳ አይደለም። ጀርባውንም ያሳያል። «ኦቨርፕሪንቱን ባለሙያ አላየውም» ብሎም ይጽፋል። ዋጋው ትንሽ ይወርድበት ይሆናል፣ ይውረድ።

ገዢውም ቢሆን ሥርዓት አለው። ጥርጣሬ ባደረበት ቁጥር ሰው ፊት «ሌባ!» አይባልም፤ ሻጩ ከአባቱ የወረሰው ሊሆን ይችላል፣ ራሱም የተሸወደ። መጀመሪያ ለብቻው፣ ከነማስረጃው ይነገረው። እያወቀ መሸጡን ከቀጠለ ያኔ በአደባባይ ይባል።

የኔዋን አልጣልኳትም። ጀርባዋ ላይ በእርሳስ «ፎርጅድ» ብዬ ጽፌ አልበም ውስጥ አስቀምጫታለሁ፣ ነገ ልጆቼ ቢሸጧት ገዢው እንዲያውቅ።