መድኃኒት የሚቋቋሙ ባክቴሪያዎችና የዝግመተ ለውጥ ትምህርት

ባክቴሪያዎች መድኃኒት መቋቋም የሚጀምሩበት መንገድ ዝግመተ ለውጥን ለተማሪ በዓይኑ ለማሳየት እጅግ የተመቸ ርዕስ ነው። በአንጀት ውስጥ የሚኖረው ኢ. ኮላይ የተባለ ባክቴሪያ በተመቻቸ ሁኔታ በየ20 ደቂቃው ስለሚራባ፣ በሌሎች ፍጥረታት የብዙ ዘመን ጉዞ የሚጠይቀው ለውጥ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይታያል።

ተማሪዎች ብዙ ጊዜ መድኃኒቱን የሚላመደው የታማሚው ሰውነት ይመስላቸዋል። ከዚህ ይበልጥ ሥር የሰደደው ስሕተት ግን ባክቴሪያው መድኃኒቱ ሲያገኘው ራሱን ይለውጣል የሚለው ነው። ይህ ጥያቄ ሳይንቲስቶችንም ያከራከረ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1943 ሳልቫዶር ሉሪያና ማክስ ዴልብሩክ ባክቴሪያን በሚያጠቁ ቫይረሶች ባደረጉት ሙከራ፣ ተቋቋሚዎቹ ከጥቃቱ በፊት በአጋጣሚ የተፈጠሩ መሆናቸውን አሳዩ። በ1952 ባልና ሚስቱ ጆሹዋና ኤስተር ሌደርበርግ ባክቴሪያ የበቀለበትን ሳህን በከፋይ ጨርቅ ተጭነው ኮሎኒዎቹን (የባክቴሪያ ክምችቶቹን) በነበሩበት አቀማመጥ ወደ ሌሎች ሳህኖች አተሙ። ስትሬፕቶማይሲን የተባለው ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ባለባቸው ሳህኖች ላይ የተረፉት ኮሎኒዎች በተመሳሳይ ቦታ ተገኙ፤ መድኃኒት ያልነካው የመጀመሪያው ሳህንም በዚያው ቦታ ተቋቋሚዎችን ይዞ ነበር። ለማስተማሪያነት ከዚህ የጠራ ሙከራ ማግኘት ያስቸግራል። የ1958 የኖቤል ሽልማት ከሁለቱ ለጆሹዋ ብቻ ደረሰ፤ መምህር ሙከራውን ሲያነሳ የኤስተርን ስም መዝለል የለበትም።

በ2016 የሃርቫርድ ሕክምና ትምህርት ቤትና በእስራኤል የሚገኘው የቴክኒዮን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 60 በ120 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሳህን ሠሩ። የመድኃኒቱ መጠን ከሁለቱ ጫፎች ወደ መሃል በደረጃ እየጨመረ ይሄዳል። ባክቴሪያዎቹ በየድንበሩ ይቆማሉ፤ ለውጥ ያገኘ አንድ ዘር ሲያልፍ ልጆቹ አዲሱን ክልል ይሞሉታል። በ11 ቀናት ገደማ መጀመሪያ ይገድላቸው ከነበረው 1,000 እጥፍ የሚሆን መጠን ወዳለበት መሃል ደረሱ። የዚህ ሙከራ ፊልም በክፍል ውስጥ የአንድ ሰዓት ገለጻን ይተካል።

ፊልሙ የማያሳየው፣ ፕላዝሚድ የተባሉ የዲኤንኤ ቀለበቶች የመቋቋም ባሕርይን ከአንድ ዝርያ ወደ ሌላው ማሻገራቸውን ነው። ይህን መምህሩ ማከል አለበት።

በትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ ጉዳት የሌላቸው ዝርያዎች ብቻ ይመረጣሉ፤ ሳህኖቹ ከታሸጉ በኋላ አይከፈቱም፣ በእንፋሎት ግፊት ከተቀቀሉ በኋላም ይጣላሉ። ቤተ ሙከራ በሌለበት የዳይ ጨዋታ ያገለግላል፦ እያንዳንዱ ዳይ አንድ ባክቴሪያ ነው፤ የተወሰነ ቁጥር ያልወጣለት ይወገዳል፣ የተረፈው ይባዛል።

«መድኃኒቱን እስከ መጨረሻው ካልጨረሳችሁ ጀርሙ ይላመዳል» የሚለው የቆየ ምክር ከ2017 ወዲህ በአንዳንድ ሐኪሞች ዘንድ አከራካሪ ሆኗል። በክፍል ውስጥ ሐኪም ባዘዘው መጠንና ጊዜ መውሰድ በሚለው መመሪያ መጽናት ይሻላል።