«የእድር ቤት ግብር የለበትም» ስንል የምንስተው

ሰኔ ላይ ለእድራችን አዳራሽ የውዝፍ ግብር ማስጠንቀቂያ መጣ። የምንኖረው ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ ባለች አንዲት ከተማ ነው፤ የእድሩ ጸሐፊ እኔ ነኝ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ አባላቱን ሰብስበን ደብዳቤውን ሳነብ አዳራሹ በአንድ ጊዜ ተንጫጫ። «ለቀብር የቆመ ቤት ግብር ይጠየቃል?» ያሉ ነበሩ። «የአርበኞቹም ማኅበር ተጠይቋል አሉ» ያሉም ነበሩ። የዚያን ቀን ከተነገረው ብዙው ስሕተት ነበር፤ ለዓመታት እኔም አምኜው የኖርኩት ስሕተት። ገንዘብ አስከፍሎናልና ሌሎች እድሮችና ማኅበራት እንዳይደርስባቸው እጽፈዋለሁ።

«ትርፍ ስለማናገኝ በሕግ ነፃ ነን»

ትልቁ ስሕተት ይኼ ነው። በየከተማው ለረጅም ዘመን ሲሠራበት የኖረው የከተማ ቦታ ኪራይና የከተማ ቤት ግብር አዋጅ ቁጥር 80/1968 ነው። ከግብር ነፃ ያደረጋቸውን ይዘረዝራል፦ የሕዝብ መንገድና አደባባይ፣ የመዝናኛና የስፖርት ሜዳ፣ የመቃብር ቦታ፣ የአምልኮ ቤትና ቅጥሩ፣ ለትርፍ ያልቆመ ትምህርት ቤት፣ ሆስፒታል፣ የበጎ አድራጎት ድርጅት፣ በጀቱን ከመንግሥት ግምጃ ቤት የሚያገኝ መሥሪያ ቤት። «እድር» የሚል ቃል ግን ዝርዝሩ ውስጥ የለም። እድር ነፃ ልሁን ቢል «እኔ የበጎ አድራጎት ሥራ ነው የምሠራው፤ ቤቱም የሚውለው ለዚሁ ነው» ብሎ በማስረጃ ማሳየት አለበት። ዝም ብሎ ነፃ የሚሆን የለም።

«የሚውለው ለዚሁ ነው» የምትለዋን ቃል ያዙልኝ። አዳራሻችን በመንገድ በኩል ሁለት ሱቆች አሉት፤ አንዱ ፀጉር ቤት ነው፣ ሌላው እህል ይሸጥበታል። የግብር ገማቹ ሲመጣ በሩ ላይ ቆሞ ወደ ውስጥ አየ። የተጠቀለለው ድንኳን፣ እስከ ጣሪያው የተደራረበው አግዳሚ፣ ጥላሸት የጠገቡት ትላልቅ ብረት ድስቶች፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ጥሩምባ። ከዚያ ዞሮ ወደ ፊት ለፊት መጣና የሱቆቹን ለየብቻ የገባ የመብራት ቆጣሪ ተመለከተ። «ይኼ የእድር ነው፤ ይኼኛው ገበያ ነው» አለኝ። ቅር አለኝ፤ እውነቱ ግን ከእሱ ጋር ነበር። ሱቁን ያከራየነው ለገቢ ነው። ገቢው ለሐዘንተኛ ቢውልም ሱቁ ሱቅነቱን አይተውም። ሁለቱን አንድ አድርገን «ሁሉም ነፃ ነው» ስንል፣ ነፃ ሊሆን የሚገባውንም አዳራሽ አብረን አስጠየቅነው።

ከዚህ ጋር የሚምታታ ሌላ ግብር አለ፤ የኪራይ ገቢ ግብር። እሱ ከቤት ግብሩ የተለየ ነው። በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ሠንጠረዥ «ለ» መሠረት ድርጅት ከተጣራ የኪራይ ገቢው 30 በመቶ ይከፍላል። ከቤት ግብር ነፃ የተባለ ማኅበር ከኪራይ ገቢ ግብርም ነፃ ሆነ ማለት አይደለም።

«አርበኛ ደሙን የከፈለ ነው፤ ግብር አይነካውም»

ይኼን የተናገሩት የአርበኛ ልጅ የሆኑ አንድ አዛውንት ናቸው፤ ሲናገሩ ድምፃቸው ተንቀጠቀጠ። ጎጃም የበላይ ዘለቀ፣ የደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬና የደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ አገር ነው። ለአርበኛ ክብር ማነስ እዚህ በቀላሉ አይታለፍም፤ መታለፍም የለበትም። ከድል በኋላ መንግሥት ለአርበኞች መሬት ሰጥቷልና «ውለታው በግብርም ይታሰባል» የሚለው ስሜት ከየት እንደመጣ ይገባኛል።

ነገር ግን በ80/1968 አዋጅ ዝርዝር ውስጥ በአርበኝነቱ፣ በወታደርነቱ ወይም በጡረተኝነቱ ከቤት ግብር ነፃ የሆነ ግለሰብ የለም። አቅም ለሌለው የታሰበው ሌላ ነው፤ ዓመታዊ የኪራይ ግምቱ ከ300 ብር በታች የሆነ መኖሪያ ቤት አይከፍልም። በ1968 ይህ ገንዘብ ጎጆ ላለው ድሃ እፎይታ ነበር። ዛሬ ወር እንኳ አያከራይም። ይኼ ያንገበግበኛል፤ ለአረጋዊ አርበኛና ለቀድሞ ወታደር የሚሟገት ሰው ከዚህ ቢጀምር ደስ ይለኛል።

የአርበኞች ማኅበር ጽሕፈት ቤት ግን ከአርበኛው የግል ቤት የተለየ ነው። ጧሪ ያጡ አርበኞች የሚረዱበት፣ ሚያዝያ 27 የሚታሰብበት፣ ታሪክ የሚቀመጥበት ከሆነ በበጎ አድራጎት መስመር ሊጠይቅ ይችላል። ጥያቄው በግንባር ጠባሳ ሳይሆን በመተዳደሪያ ደንብና በሒሳብ መዝገብ ነው የሚቀርበው።

«አሜሪካ እኮ የዘመተ ሰው አይከፍልም» የሚል ደግሞ ከውጭ ዘመድ ያለው አይጠፋም። እዚያም ቢሆን የቤት ግብር የየስቴቱና የየከተማው ጉዳይ ነው። ቴክሳስ መቶ በመቶ አካል ጉዳተኛ የሆነን የቀድሞ ወታደር ከመኖሪያ ቤቱ ግብር ሙሉ በሙሉ ነፃ ታደርጋለች፤ ሌላው ስቴት በከፊል ይቀንሳል። የቀድሞ ወታደሮች ማኅበር ከፌዴራል የገቢ ግብር ነፃ ቢባልም የቤት ግብሩን ነፃነት አካባቢው ካለው አስተዳደር ለብቻው ይጠይቃል። ያለ ማመልከቻ የሚሆን ነገር እዚያም የለም።

«ሜትር ከገባ ቦታው ሄደ»

ጎጃም ውስጥ ይኼ ፍርሃት ሥር አለው። አባቶቻችን ቀላድን፣ ማለትም መሬት በገመድ መለካትን፣ አጥብቀው ሲቃወሙ የኖሩት የተለካ ርስት ይወሰዳል ብለው ነው። በ1960 የእርሻ ገቢ ግብር ሲመጣም ሕዝቡ የተነሣው ገንዘቡን ብቻ ፈርቶ አልነበረም፤ ግምቱ ርስቱን ለመንጠቅ መንገድ መጥረጊያ መስሎት ነው። ስለዚህ አንድ ሽማግሌ ገማቹን በር ላይ ቢያስቆሙት አልፈርድባቸውም። እኛም ከሦስት ዓመት በፊት አስቁመነው ነበር። ውጤቱ ምን ሆነ? ገማቹ ከውጭ በዓይኑ ገምቶ ሄደ፤ አዳራሹንና ሱቁን ሳይለይ መላውን ግቢ በንግድ ቤት ዋጋ ጻፈው። ያ ውዝፍ የመጣው ከዚያ ነው። የቤት ግብር ግምት ይዞታ አይወስድም። ማስለካቱ ነው የጠቀመን፤ ሁለተኛ ሲመጣ ሜትሩን ራሴ ያዝኩለት።

«ነፃ ከሆንን ወረቀት ምን ያደርግልናል?»

የግብር ደረሰኝ የይዞታ ማረጋገጫ አይደለም፤ ግን ዋጋ አለው። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1168 የማይንቀሳቀስ ንብረትን በእጁ አድርጎ 15 ዓመት በተከታታይ ግብሩን ስለከፈለ ሰው ይናገራል። ሽማግሌዎቻችን ደረሰኝ በፌስታል ጠቅልለው ከሣጥን ሥር የሚያኖሩት በከንቱ አይደለም። ነፃ የተባለ ማኅበር ደረሰኝ ስለማይቆረጥለት የዓመታቱ ዱካ ይጠፋበታል። በየዓመቱ ቁጥርና ማኅተም ያለበት የነፃነት ደብዳቤ ይጠይቅ፤ ከደረሰኞቹ ጋር ይሰፋው።

«ሊዝ ከፍለናል» ለሚሉ ባጭሩ፦ ሊዝ የቦታው ዋጋ ነው፤ የቤት ግብር አይደለም።

«አንዴ ነፃ የተባለ ነፃ ነው»

አይደለም። በ2017 ዓ.ም. የንብረት ታክስ አዋጅ ጸድቋል፤ ታክሱን የመጣሉ ሥልጣን የክልልና የከተማ አስተዳደር ነው፤ ስሌቱም የመሬት መጠቀሚያ መብቱና የሕንፃው ዋጋ ላይ ያርፋል። በቀድሞው አዋጅ የተጻፈ ደብዳቤ ይዞ መተኛት አይበጅም። የክልሉ ዝርዝር ሕግ ሲወጣ ማን ነፃ እንደሆነ ቃል በቃል ማንበብ፣ ረቂቁ ላይ ውይይት ሲጠራም እድሮች ተገኝተው ስማቸው እንዲገባ መጠየቅ አለባቸው። እድር የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶችን የሚገዛው አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የማይመለከተው ባህላዊ ተቋም ነው፤ ስለዚህ «በጎ አድራጎት» በሚለው ስም ብቻ ይታሰብልናል ብሎ መቀመጥ ያሠጋል።

እኛ ያስገባነው ማመልከቻ አንድ ገጽ ነው። አባሪው የመተዳደሪያ ደንባችን፣ የአምስት ዓመት የቀብርና የእርዳታ ወጪ ዝርዝር፣ አዳራሹንና ሱቆቹን ለይቶ የሚያሳይ የእጅ ንድፍ ነው። ለሱቆቹ እንደምንከፍል በራሳችን ብዕር ጻፍን። የአዳራሹ ውዝፍ ተሰረዘ፤ የሱቆቹን ከመዋጮ ሣጥን አውጥተን ከፈልን። ደረሰኙን እኔ ጋ ከማስቀምጠው ብዬ ለገንዘብ ያዣችን ለእትዬ ሰጠኋቸው፤ ሁለት ጊዜ አጥፈው ከእድሩ ማኅተም ጋር በአንድ ከረጢት ከተቱት።