ከእንጦጦ በሚወርዱ ጅረቶች ዳር ጭራዋን የምትወዘውዘው ወፍ ምንድን ናት?

ከእንጦጦ ወይም ከመናገሻ ሱባ ደን በሚወርድ ጅረት ዳር፣ ከአለት ወደ አለት እየዘለለች ረጅም ጭራዋን ከፍ ዝቅ የምታደርግ ቀጭን ወፍ አለች። የሳይንስ ስሟ ሞታሲላ ክላራ ነው፤ ይህ ስም የወጣላት በ1908 እ.ኤ.አ. ነው። ከጫፍ እስከ ጫፍ ብትለካ 19 ሴንቲ ሜትር ገደማ ናት፤ ከዚህም ግማሽ ያህሉ ጭራ ነው።

ጀርባዋ ወደ ሰማያዊ ያደላ ፈዛዛ አመድማ፣ ሆዷ ንጹሕ ነጭ ነው። ደረቷ ላይ እንደ ማተብ የቀጠነ ጥቁር መስመር ይታያል። ወንዱና ሴቷ በመልክ አይለያዩም። ቢጫ ቀለም ጨርሶ የላትም፤ ይህን መያዝ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ከአውሮፓና ከእስያ ብርድ ሸሽታ የምትመጣ አንዲት ዘመዷ እዚያው ጅረት ላይ ታርፋለች። የእንግዳዋም ጀርባ አመድማ ነው፤ የጭራዋ ሥር ግን ደማቅ ቢጫ ነው። እንግዳዋ የምትቆየው በበጋው ወራት ስለሆነ፣ ነሐሴ ላይ ጥያቄው ብዙ አያስቸግርም። ሱሉልታ ሜዳ ላይ በከብት እግር ሥር ነፍሳት የሚለቅሙት ቢጫዎቹ ደግሞ ሌላ ዝርያ ናቸው፤ የእነሱ ቦታ ሣር ነው።

እኔ ከቀለም በፊት ቦታን መመልከት ያዋጣል ባይ ነኝ። በጥላና በጭጋግ ውስጥ ቀለም ያታልላል፤ ወፏ የምትቆምበት ስፍራ ግን እምብዛም አያሳስትም። የእኛዋ የምትፈልገው ፈጥኖ የሚወርድ ውኃ፣ ከውኃው በላይ ብቅ ያሉ አለቶችና በዳርቻው ዛፍ ነው። ምርጫዋ በምግብ ምክንያት ነው። ውኃ ከድንጋይ ጋር እየተጋጨ ሲወርድ አየር ይቀላቀልበታል፤ በዚህ ውኃ ውስጥ የሚያድጉ የነፍሳት እጮች ከድንጋዩ ሥር ይጣበቃሉ፣ ክንፍ ሲያወጡም ወደ ላይ ይወጣሉ። እሷ በእርጥቡ ጠርዝ ላይ እየሮጠች ትለቅማቸዋለች፤ ያመለጣትንም ብድግ ብላ ከአየር ላይ ትቀልባለች። እንደ ቀበና ያለ ወንዝ ከተማ ገብቶ ፍሳሽ ሲቀላቀልበት ግን ንጹሕ ውኃ የሚሹት ነፍሳት ይመናመናሉ። ስለዚህ ፈላጊዋ ወደ ታች ወደ አቃቂ ከሚወርድ ይልቅ ወደ ላይኛው ምንጭ ቢወጣ ይሻለዋል።

ጭራዋን ለምን ትወዘውዛለች? በቅርብ ዘመዷ ላይ የተደረገ ምርምር ለአዳኝ «ነቅቻለሁ» የምትልበት ምልክት ሳይሆን እንደማይቀር ይጠቁማል። ስትበር መንገዷ ቀጥ ያለ አይደለም፤ በማዕበል መልክ ከፍ ዝቅ እያለች የጅረቱን መስመር ተከትላ ትሄዳለች፤ ቀጭንና ስለታም ድምፅዋም ከፏፏቴው ጩኸት በላይ ይሰማል።

ጎጆዋን ከሣርና ከሥራ ሥር ሠርታ በአለት ጠርዝ፣ አንዳንዴም በድልድይ ሥር ታስቀምጣለች። በአፏ ሣር ይዛ ወደ አንድ ስንጥቅ የምትመላለስ ከሆነ ጎጆው እዚያው ስለሆነ፣ ተጠግቶ ፎቶ ከማንሳት ከማዶ ሆኖ ማየት ይበቃል።