«ከበድ ይላል፣ ኦርጅናል ነው» እና ሌሎች የሰለቹኝ ወሬዎች

ሰው ሰዓት ሲገዛ መጀመሪያ ምን እንደሚያደርግ አይታችኋል? መዳፉ ላይ ያስቀምጥና ከፍ ዝቅ ያደርገዋል። በግ ሊገዛ የሄደ ሰው ወገቡን እንደሚዳብሰው ማለት ነው። ከዚያ ወደ ጓደኛው ዞር ይልና «ከበድ ይላል፣ ኦርጅናል ነው» ይላል። ባሕር ዳር ላይ ሰዓት ስፈታ ስገጥም ዓመታት ሄደዋል። ይህችን ነገር ሳልሰማ የዋልኩበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ክብደት ጥራት አይደለም። ክብደት ብረት ነው፤ ብረት ደግሞ ብዙ ዓይነት አለው። የማይረባ ሰዓት የሚሠራውም ሰው ገዢው በመዳፉ እንደሚመዝን አሳምሮ ያውቃል። ስለዚህ ከርካሽ ቅይጥ ብረት ወፍራም አካል ያወጣና ላዩን ወርቅማ ወይም ብርማ ቅብ ያለብሰዋል። ውስጥ ያለው ማሽን እኮ የሚመዝነው ጥቂት ግራም ነው። በሌላ በኩል ቲታኒየም ከስቴንለስ በግማሽ ገደማ ይቀላል፣ በዋጋ ግን ይበልጣል። በመዳፍ ሚዛን ከሄድን እሱ ቆሻሻ ሊባል ነው።

ጥር ላይ፣ ሰርግ በሰርግ በሆነበት ሰሞን፣ አንድ ልጅ ሁለት ሰዓት ይዞ መጣ። አንዱ ለሚያገባው ወንድሙ የገዛው፣ ወርቅማ፣ ድንጋይ የሚያክል ኦቶማቲክ ነው፤ ያለ ባትሪ በክንድ እንቅስቃሴ የሚሞላ ማለት ነው። ሰንሰለቱን እንዳሳጥርለት ፈልጎ ነው። ሌላው የሟች አባቱ ሲኮ ፋይቭ ነው፤ ኦቶማቲክ የጃፓን ሰዓት። «ጋሼ፣ ይችን ሰው ከፈለጋት ሽጥልኝ። ቀላል ናት፤ ሰንሰለቷም ይንኳኳል፤ ፌክ ሳትሆን አትቀርም» አለኝ።

እስቲ ተቀመጥ አልኩትና ሁለቱንም ጎን ለጎን ከፈትኳቸው። የወርቅማው ፊት ላይ ሦስት ትንንሽ ክቦች አሉ፤ ሁለቱ ሥዕል ናቸው። ጎኑ ላይ ሁለት ቁልፍ አለ፤ አንዱ ጭራሽ አይጫንም። የኋላ ክዳኑ ላይ አራት ብሎን የሚመስል ነገር ይታያል፤ ብሎን አይደለም፣ አብሮ የታተመ ጌጥ ነው። ሰንሰለቱ የሚገባበት ቀንድ ሥር፣ ሰው የማያየው ቦታ፣ ቅቡ ከአሁኑ ተልጦ ቢጫ ብረት ብቅ ብሏል። ውሃ የሚከለክለው ጎሚኒ ክር የሚያክል ነበር። አልተለበሰም እኮ! ገና ከሱቅ መውጣቱ ነው።

የአባትየው ሲኮ ክዳን በጥርስ የሚዞር ነው። ጎሚኒው በእርጅና ደርቋል፣ የተቀመጠበት ቦይ ግን ንጹሕ፤ ዝገት የሚባል ነገር የለም። ማሽኑ 7ኤስ26 የሚባለው ነው፤ ሲኮ በፈረንጆቹ 1996 ያወጣው፣ ስንቱን ሰው ያገለገለ ማሽን። ዘይቱ ደርቋል፤ ይኸው ነው በሽታው። የሚንኳኳው ሰንሰለት? አዎ፣ እሱ ርካሽ ነው። ከታጠፈ ስስ ቆርቆሮ የተሠራ ስለሆነ ቀላል ነው፣ ይንኳኳል። ፋብሪካው ወጪ የቀነሰው ማሽኑ ላይ ሳይሆን ሰንሰለቱ ላይ ነው፤ እኔ ብሆንም እንደዚያ ነበር የማደርገው። ልጁ ሲኮውን አልሸጠም። ወርቅማውን ለወንድሙ ሰጠው አልሰጠው አልጠየቅሁትም።

እና ምን እንይ ትሉኝ ይሆናል። መጀመሪያ ጎን ያለችውን መሙያ ያዙ። ስትስቧት ቀጭ፣ ቀጭ ብላ በደረጃ ትውጣ። እንደ ላላ ጥርስ የምትወዛወዝ ከሆነ መልሳችሁ አስቀምጡት። ቀጥሎ ቆጣሪዎቹን አዙራችሁ ልክ 6 ሰዓት ላይ አድርጓቸው፤ የሰዓቱና የደቂቃው ቆጣሪ አንድ ቀጥ ያለ መስመር መሥራት አለባቸው። ከተንጋደዱ የገጠማቸው ሰው እንቅልፍ ላይ ነበር ማለት ነው። የቀኑ ቁጥር መስኮቱ መሐል ላይ ይቀመጥ። የአካሉ ጌጥ ላይ ደግሞ የሚያብለጨልጨው ክፍልና ደብዘዝ ያለው ክፍል የሚገናኙበትን ጠርዝ እዩ፤ ጥሩ ሥራ ላይ መስመሩ እንደ ምላጭ ነው፣ መጥፎ ሥራ ላይ ይቀልጣል። ከዚያ ገልብጡት። ሻጭ ሁልጊዜ የሚያሳያችሁ ፊቱን ነው፤ እናንተ ቀንዱ ሥርና ክዳኑ ዙሪያ እዩ። ይህ ሁሉ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፤ ለሸሚዝ ስንት ሱቅ ትዞሩ የለ?

ትንንሾቹን ቶሎ ቶሎ ልበላቸው። «ማሌዥያ ይላል፣ ፌክ ነው»፤ አይደለም፣ ሲኮ ራሱ ብዙ ፋይቭ እዚያ ገጥሟል። «ውስጡ ፕላስቲክ አለ»፤ ማሽኑን የሚይዘው ቀለበት ብዙ ጊዜ ፕላስቲክ ነው፣ ምንም አይልም። መስታወቱን በሳንቲም ፍቆ «ሳፋየር ነው»፣ ማለትም በቀላሉ የማይጫረው ጠንካራው መስታወት ነው፣ የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ሳቁበት፤ ሳንቲም የመስኮት መስታወትም አይጭርም። መሙያዋን ስትስቡ የሰከንድ ቆጣሪው ካልቆመ ወይም መሙያዋን ብታዞሩ ካልሞላ አትደንግጡ፤ 7ኤስ26 ከፋብሪካው ሲወጣም እንደዚያ ነው፣ የሚሞላው በክንድ እንቅስቃሴ ብቻ ነው። ሰኞ ጠዋት «ባትሪው አለቀ» ብላችሁም አትምጡብኝ። ባትሪ የለውም! ጠግቦ የተሞላው 40 ሰዓት ገደማ ይሄዳል፤ ቅዳሜ ማታ 12 ሰዓት ያወለቃችሁት ሰኞ ጠዋት 4 ሰዓት አካባቢ ይቆማል።

«21 ጁውልስ» የሚለውን አይቶ ድንጋዩን አውጥቼ እንድሸጥለት የጠየቀኝም አለ። ድንጋዩ ሰው ሠራሽ ሩቢ ነው፤ ዋጋው ኢምንት። ሥራው ጥርሶቹ የሚዞሩበት ቦታ እንዳይበላ መከላከል ብቻ ነው። በእጅ ለሚሞላ ሰዓት 17 ይበቃል፤ ኦቶማቲክ ተጨማሪ ጥርሶች ስላሉት ከ21 እስከ 25 ይሆናል። ከዚያ በላይ ብዙውን ጊዜ ጉራ ነው። በፈረንጆቹ 1960ዎቹ ፋብሪካዎች በቁጥር ሲፎካከሩ ኦሪየንት ባለ 100 ጁውልስ እስከ ማውጣት ደርሶ ነበር። መቶው ሁሉ ሥራ ነበረው ብላችሁ እንዳታስቡ።

«ከስልኬ ጋር አይገጥምም» የሚለውም አለ። በቀን 15 ሰከንድ ቀደመ ብሎ ሰዓቱን ጠረጴዛዬ ላይ የሚወረውር ሰው አውቃለሁ። ለ7ኤስ26 ፋብሪካው ራሱ የፈቀደው በቀን ከ20 ሰከንድ መዘግየት እስከ 40 ሰከንድ መቅደም ነው። ቀን ደግሞ 86,400 ሰከንድ አለው። ማየት ያለባችሁ ስንት ሰከንድ እንደሳተ ሳይሆን በየቀኑ እኩል መሳቱን ነው። እኩል ከሳተ በአምስት ደቂቃ አስተካክለዋለሁ። ትናንት ደህና የነበረው ዛሬ በድንገት በደቂቃ የሚሮጥ ከሆነ ግን ማግኔት ነክቶታል፤ ስፒከር አጠገብ ወይም ማግኔት ያለው የስልክ ሽፋን ላይ አሳድራችሁታል። ብልሽት አይደለም።

ውሃው ደግሞ ጉድ ነው። ክዳኑ ላይ 30 ሜትር የሚል አይተው ጣና ይዘውት ይገባሉ። ጣና እኮ ጥልቅ የሚባለው ቦታው 15 ሜትር ገደማ ነው! በጽሑፉ ከሄድን ሐይቁን በእግራችን መሬት መሬቱን ዘጌ ድረስ ተሻግረን 15 ሜትር ሊተርፈን ነው። ቁጥሩ የሚነግራችሁ ሰዓቱ አዲስ ሳለ፣ ሳይንቀሳቀስ፣ ያን ያህል ግፊት መቻሉን ነው። ለእጅ መታጠብና ለዝናብ ነው። መዋኘት ከፈለጋችሁ 100 ሜትርና መሙያዋ በጥርስ የምትታሰር ይሁን፤ ጎሚኒውም በየጥቂት ዓመቱ ይቀየር። ባለፈው አንድ ጀልባ ነጂ መስታወቱ ውስጥ ጭጋግ የሞላበት ሰዓት አመጣልኝ። «አልዋኘሁበትም፣ መልሕቅ ብቻ ነው የሳብኩበት» አለ። ሳየው መሙያዋ ወጥታ ነው የከረመችው፤ ሰዓት አስተካክሎ መመለሷን ረስቷል።

ውሃ ገብቶ ይሆን ብላችሁ ከተጠራጠራችሁ ቤት የምትሠሩት ነገር አለ። ሰዓቱን ክንዳችሁ ላይ ወይም ፀሐይ ላይ ሞቅ እስኪል አቆዩት፤ ሞቅ ነው ያልኩት፣ ምጣድ ላይ አይደለም። መስታወቱ ላይ አንድ ጠብታ ቀዝቃዛ ውሃ ጣል አድርጉ። ከአንድ ደቂቃ በኋላ ጥረጉት። ጠብታው በነበረበት ቦታ ከውስጥ በኩል ጭጋግ ካለ እርጥበት ገብቷል፤ በዚያኑ ቀን አምጡት፣ ማሽኑ ሳይዝግ።

የመጨረሻው የእኛው የብቻችን ጣጣ ነው። «ቀኑ ማታ 12 ሰዓት ላይ ይዞራል፣ ሰዓቱ ፌክ ነው።» ወንድሜ፣ ሰዓቱ ምን አጠፋ? ቆጣሪው 12ን በቀን ሁለቴ ያልፋል፤ ቀኑን የሚቀይረው ከሁለቱ በአንዱ ነው። በኛ አቆጣጠር የሞላው ሰው የትኛው 12 እንደሆነ ሳያይ ሞልቶታል። ቆጣሪዎቹን 12 ሰዓት ወደፊት ማዞር ነው፤ ከዚያ ጠዋት 12 ላይ ይዞራል። 31 ቁጥርም ጥፋት አይደለም፤ የተሠራው ለፈረንጅ ወር ነው። የኛ ወር 30 ስለሆነ በየወሩ መባቻ በእጅ ወደ 1 ታሻግሩታላችሁ፤ ጳጉሜንም ስታልቅ እንደዚሁ።

ስታሻግሩ ግን ጊዜ ምረጡ። ቆጣሪው ከ9 እስከ 4 ባለው መሐል፣ ቀን ቀያሪዎቹ ጥርሶች ተነካክሰው ነው የሚቆዩት፤ ያኔ በመሙያዋ ቀኑን በግድ ከገፋችሁት ጥርስ ይሰበራል። ፈረንጅ ያን ሰዓት ተኝቷል። እኛ ጋ ግን ከሌሊቱ 9 እስከ ጠዋቱ 4 ነው፤ ሰው ቢሮ ገብቶ «ዛሬ ስንት ነው?» ብሎ ሰዓቱን የሚነካካበት ሰዓት። ለዚህ ነው ቀን ላስተካክል ብሎ ጠዋት የሚመጣውን ደንበኛ ቡናህን ጠጥተህ ና የምለው።