የፊፍዝ ዊል ተሳቢ ቤት ማሻሻያዎችና የዕቃ ቦታ አያያዝ

ፊፍዝ ዊል በፒክአፕ መኪና የሚጎተት ተሳቢ ቤት ነው። ከተራው ተሳቢ ቤት የሚለየው በአያያዙ ነው። የፊት ክፍሉ ከፍ ብሎ ከፒክአፑ የጭነት ሳጥን በላይ ይዘረጋል፤ ከሥሩ የሚወርደው ኪንግፒን የሚባል 2 ኢንች ውፍረት ያለው ብረት ደግሞ በሳጥኑ ውስጥ በተተከለው ማያያዣ መንጋጋ ገብቶ ይቆለፋል። «አምስተኛ ጎማ» የሚል ትርጉም ያለው ስሙ የመጣው ከፈረስ ሠረገላ ነው። ሠረገላው በቀላሉ እንዲታጠፍ ከፊት ጎማዎቹ በላይ በአግድም የሚቀመጥ ክብ ብረት ነበረው፤ ከአራቱ ጎማዎች ተጨማሪ ስለሆነ አምስተኛው ተባለ። ስሙን በኋላ የከባድ መኪና ማያያዣ ወረሰው። የአቪዬሽን ፈር ቀዳጅ የነበረው አሜሪካዊው ግሌን ከርቲስ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ በዚሁ መርህ የሚያያዝ «ኤሮካር» የተባለ ተሳቢ ቤት ሠርቷል። ዛሬ ፊፍዝ ዊል በብዛት የሚታየው በሰሜን አሜሪካ ሲሆን፣ የአሜሪካ የተሳቢ ቤት ፋብሪካዎችም አብዛኞቹ በኢንዲያና ግዛት በኤልክሃርት ከተማ ዙሪያ ይገኛሉ።

መኝታ ቤቱ በተነሣው የፊት ክፍል ላይ ነው፤ ከሳሎኑ በጥቂት ደረጃዎች ይወጣበታል። ከወለሉ ሥር ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው የሚያልፍ፣ ባለቤቶቹ ቤዝመንት የሚሉት የዕቃ ክፍል አለ። ሲቆም ወደ ውጭ የሚገፋው የግድግዳ ክፍል፣ ስላይድ አውት የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ወዲህ እየተለመደ መጥቶ ቤቱን እጅግ አስፍቶታል። ስፋቱ ግን ባለቤቱን ያዘናጋል። ቁም ሳጥኑም ቤዝመንቱም ገና ባዶ ቦታ እያላቸው ተሳቢው ሊሸከመው የተፈቀደለትን ክብደት ጨርሶ ሊሆን ይችላል። በዚህ ቤት ውስጥ ከቦታ በፊት የሚያልቀው ኪሎ ነው። መደርደሪያ ከመሥራት በፊት ይህን ማወቅ ይቀድማል የምለውም ለዚህ ነው።

ክብደቱ የት ያርፋል

በአሜሪካ በሚሸጥ ተሳቢ ቤት መግቢያ በር አጠገብ ቢጫ ተለጣፊ ይገኛል። ዕቃው ከስንት ኪሎ መብለጥ እንደሌለበት የሚናገረው እሱ ነው፤ የመጠጥ ውሃ ጋኑ ሲሞላ የሚጨምረውን ክብደትም እንደ ጭነት ይቆጥራል። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው፤ ስለዚህ 220 ሊትር የሚይዝ ጋን ሞልቶ የሚጓዝ ሰው አንድም ድስት ሳይጭን 220 ኪሎ ጭኗል። ከተለጣፊው ላይ 900 ኪሎ ያነበበ ባለቤት ውሃውን፣ በሻጭ ቤት የተጨመረውን ባትሪ፣ ወንበሩን፣ የመሣሪያ ሳጥኑን፣ ምግቡንና ልብሱን ሲደምር ቁጥሩ ምን ያህል ቶሎ እንደሚያልቅ ያያል።

ሁለተኛው ቁጥር ኪንግፒኑ ላይ የሚያርፈው ክብደት ነው። በፊፍዝ ዊል ይህ ከጠቅላላው ክብደት አብዛኛውን ጊዜ ከ15 እስከ 25 በመቶ ይሆናል። 6,000 ኪሎ የሚመዝን ተሳቢ 20 በመቶውን ወደፊት ቢጥል 1,200 ኪሎ በፒክአፑ ጀርባ ላይ ይጫናል፤ ተሳፋሪዎቹና ማያያዣው ደግሞ ከዚያ በላይ ናቸው። ብዙ ፒክአፖች የመጎተት አቅማቸው ሳይነካ የመሸከም አቅማቸው ቀድሞ የሚያልቀው በዚህ ምክንያት ነው።

ዕቃው የሚቀመጥበት ቦታ ይህን ድርሻ በቀላል የማንሻ ሕግ ይለውጠዋል። ከአክስሎቹ፣ ማለትም የተሳቢውን ጎማዎች ከሚይዙት ዘንጎች፣ መሃል እስከ ኪንግፒኑ 7 ሜትር ነው እንበል። ከአክስሎቹ 5 ሜትር ወደፊት ቤዝመንት ውስጥ የገባ 100 ኪሎ ዕቃ 71 ኪሎ ያህሉን ኪንግፒኑ ላይ ይጥላል። ከአክስሎቹ 3.5 ሜትር ወደኋላ የተሰቀሉ፣ በድምሩ 80 ኪሎ የሚመዝኑ ብስክሌቶች ደግሞ ከኪንግፒኑ ላይ 40 ኪሎ ያነሣሉ። ፊት የበዛበት ተሳቢ ፒክአፑን ከኋላ ያስጎነብሰዋል፤ ፊቱ የቀለለበት ደግሞ በመንገድ ላይ መወላወል ይጀምራል። ትልቁ የዕቃ ክፍል ከፊት በመሆኑ ከባዱ ሁሉ እዚያ የሚከማችበት ልማድ አለ፤ ጄኔሬተሩ፣ ባትሪው፣ የመሣሪያ ሳጥኑ፣ የጋዝ ሲሊንደሩ። ከእነዚህ የሚዛወረውን ወደ አክስሎቹ ማቅረብ ምንም ወጪ የማይጠይቅ፣ ከብዙ ውድ ማሻሻያዎችም የሚበልጥ ሥራ ነው።

ግምት ግን አያስተማምንም። በአሜሪካ አውራ ጎዳናዎች ባሉ የከባድ መኪና ማረፊያዎች የመሬት ሚዛን ይገኛል። ፒክአፑን ብቻውን፣ ከዚያም ከነተሳቢው፣ እንደ ጉዞ ቀን ተጭኖ ማስመዘን ነው። ሁለቱ ንባቦች ሲነጻጸሩ በኪንግፒኑ ላይ ስንት እንዳረፈ፣ በተሳቢው አክስሎች ላይም ስንት እንደቀረ በግልጽ ይወጣል።

ያልተነኩ ቦታዎች

ፋብሪካ ቤቱን የሚሠራው ፈጥኖ ለመጨረስ ስለሆነ ብዙ ክፍተት ታሽጎ ይቀራል። ባለቤቱ ደስታ የሚያገኘው እነዚህን ሲከፍት ነው፤ እኔም የዚህ ሥራ ትልቁ ደስታ ይህ ነው ብዬ አምናለሁ።

የመጀመሪያው ደረጃው ነው። ወደ መኝታ ቤቱ የሚያስወጡት ደረጃዎች ውስጣቸው ባዶ ሊሆን ይችላል፤ ርግጫውን በማጠፊያ ከፍቶ የጫማ ሣጥን ማድረግ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ከመክፈት በፊት ግን ከሥሩ ምን እንዳለ ማየት ግድ ነው፤ በብዙ ሞዴሎች የጋዝ ማሞቂያው ምድጃ እዚያው ይቀመጣል። ምድጃው አየር የሚስብበት ወንፊት ከተዘጋ ወይም በዙሪያው ጨርቅና ካርቶን ከታጨቀ ከመጠን በላይ ይግላል፤ እሳትም ሊያስነሣ ይችላል። በዚያ ክፍል ውስጥ ዕቃ ማስቀመጥ ጨርሶ አይገባም።

ሁለተኛው አልጋው ነው። ፍራሹን የሚሸከመው ጣውላ ከማጠፊያና ከጋዝ አምርቲዛተር ጋር ሆኖ ወደ ላይ የሚነሣ ሲሆን፣ ከሥሩ ያለው ቦታ ብዙ ጊዜ በሽቦና በቱቦ መሃል የተተወ ነው። ባለቤቶች በ6 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ ወለሉን ደልድለው ከፋፍለው ይጠቀሙበታል። ከባድ ፍራሽ የቀየረ ሰው የቀድሞው አምርቲዛተር አልጋውን መሸከም እንዳቃተው ያያል፤ በክብደቱ ልክ ሌላ መግጠም አለበት። አልጋው ከኪንግፒኑ በላይ ስለሚቀመጥ ከሥሩ የሚገባው ሁሉ ሙሉ በሙሉ ለማለት በሚቻል ደረጃ በፒክአፑ ላይ ያርፋል። ስለዚህ ብርድ ልብስና የክረምት ልብስ እንጂ የታሸገ ምግብና መጽሐፍ እዚያ አይቀመጥም። እርጥበትም አለ፤ የሰው ትንፋሽና ሙቀት በቀዝቃዛ ሌሊት ፍራሹ ሥር ወደ ውሃነት ስለሚለወጥ ጣውላው ላይ የአየር ቀዳዳ ወይም ከፍራሹ ሥር አየር የሚያሳልፍ ምንጣፍ ያስፈልጋል።

በብዙ ሞዴሎች የልብስ ማጠቢያ ማሽን እንዲገባ ውሃና መብራት የተዘረጋለት ቁም ሳጥን አለ። ማሽን የማይፈልግ ሰው ቱቦዎቹን በክዳን ዘግቶ ከላይ እስከ ታች መደርደሪያ ይሠራበታል። የምግብ ቁም ሳጥኑ ደግሞ በተቃራኒው ጥልቅና ባለ ጥቂት መደርደሪያ ነው፤ ከኋላ የገባው ዕቃ እስከ ጉዞው መጨረሻ አይታይም። እዚህ ትክክለኛው መልስ ተጨማሪ መደርደሪያ ሳይሆን በኩሽኔታ የሚንሸራተት፣ እስከ ጫፉ የሚወጣ መሳቢያ ነው። ከፋብሪካ የመጡት የፕላስቲክ መንሸራተቻዎች በስቴፕል ብቻ የተያዙ ሆነው በመንገድ ንዝረት ሲወልቁ ይታያሉ፤ በብረት መንሸራተቻ መቀየር ከሚመከሩት ማሻሻያዎች የመጀመሪያው ነው። መሳቢያውን በጉዞ ላይ የሚይዝ መቆለፊያም ይፈልጋል፤ ማግኔት ብቻውን በመታጠፊያ ላይ ሙሉ የሳህን መሳቢያ አይዝም።

የእንጨቱ ምርጫ ራሱ የክብደት ጉዳይ ነው። 18 ሚሊ ሜትር የበርች ኮምፔንሳቶ በካሬ ሜትር 12 ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ ተመሳሳይ ውፍረት ያለው ኤምዲኤፍ፣ ከተጨመቀ የእንጨት ብናኝ የሚሠራው ሰሌዳ፣ ከዚያም ይበልጣል። ለአብዛኛው የውስጥ ሥራ 12 ሚሊ ሜትር ይበቃል፤ ለመከፋፈያ 6 ሚሊ ሜትር። ኤምዲኤፍ ውሃ ሲነካው ስለሚያብጥ በውሃ ጋን አቅራቢያ መጠቀሙ ስህተት ነው።

ቤዝመንቱ ውስጥ ከኋላ የሚታየው ስስ ግድግዳ ብዙ ጊዜ የውሃ ፓምፑን፣ የማሞቂያ ቱቦዎችንና ሽቦዎችን የሚሸፍን ነው። ግድግዳውን ወደኋላ ገፍተው ቦታ የሚያገኙ አሉ፤ ነገር ግን ፓምፑ ሲበላሽ በአሥር ደቂቃ መድረስ ካልተቻለ የተገኘው ቦታ ኪሳራ ነው። በብሎን የሚከፈት በር ቢተውበት ይሻላል። ዕቃውን ጎትቶ የሚያወጣ ትልቅ ተንሸራታች ትሪ እጅግ ምቹ ነው፤ ግን ትሪው ራሱ በአሥር ኪሎዎች የሚቆጠር ክብደት እንዳለው መርሳት አይገባም። ሌላ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። የአብዛኞቹ ተሳቢ ቤቶች የዕቃ ክፍል በሮች ሲኤች751 በተባለ አንድ ዓይነት ቁልፍ ይከፈታሉ። የጎረቤት ቁልፍ የእርስዎን ቤዝመንት ይከፍታል ማለት ነው፤ የቁልፉን ጉሮሮ በሌላ መቀየር ርካሽና ፈጣን ሥራ ነው።

የፍሳሽ ቱቦው የሚቀመጥበት ቦታም የተለመደ ጥያቄ ነው። ፋብሪካዎች ከኋላ ባለው አራት ማዕዘን ባምፐር ብረት ውስጥ እንዲገባ ያስባሉ፤ ጫፉ ላይ ያለው ማያያዣ ግን ብዙ ጊዜ አያልፍም። ባለቤቶች ለአጥር ምሰሶ የሚሸጠውን ባዶ የፕላስቲክ ቧንቧ በልክ ቆርጠው፣ በሁለት ጫፉ ክዳን አድርገው ከሻንሲው ሥር ያስሩታል። ከመጠጥ ውሃ ቱቦው ጋር በአንድ ክፍል እንዳይቀመጥ ማድረጉ ከምቾት በላይ የጤና ጉዳይ ነው። ባምፐሩ ራሱ ስስ ላሜራ ስለሆነ የብስክሌት መስቀያ ለመሸከም አልተሠራም፤ መስቀያ የሚፈልግ ሰው ከሻንሲው ጋር የተበየደ መያዣ ያሠራል።

ግድግዳው ምን ይዟል

የውስጥ ግድግዳው ሽፋን 3 ሚሊ ሜትር ያህል ስስ እንጨት ነው። ከጀርባው ወይ የእንጨት ወይ የአሉሚኒየም ምሰሶ አለ፤ በመካከል ያለው ፎም ወይም ባዶ አየር ብቻ ነው። ምሰሶ ያልነካ ብሎን ለጥቂት ቀን ይይዝና በመንገድ ላይ ይነቀላል። ምሰሶውን ለማግኘት ትንሽ ማግኔት በግድግዳው ላይ ማንሸራተት ብዙ ጊዜ ይረዳል፤ የስቴፕልና የብሎን ራሶች ማግኔቱን ይስቡታል። ምሰሶ በሌለበት ቦታ መደርደሪያ የግድ ከሆነ ሰፊ ኮምፔንሳቶ በፖሊዩሬቴን ሙጫ ለጥፎ መደርደሪያውን በእሱ ላይ ማሰር ክብደቱን በሰፊው ያከፋፍለዋል። ትራፓኖ ከመያዝ በፊት ሽቦው በየት እንደሚያልፍ ማየት፣ የመሰርሰሪያውንም ጫፍ በፕላስተር ምልክት ማድረግ ያስፈልጋል።

ስላይድ አውቱ የሚረሳ ፈተና አለው። ውጭ እያለ ግድግዳው ላይ የተሰቀለ ማንጠልጠያ ወይም መደርደሪያ፣ ሲገባ ከፊቱ ያለውን ካቢኔት ሊመታ ይችላል። ማንኛውም ነገር ከመታሰሩ በፊት ስላይዱ በዝግታ ገብቶ ክፍተቱ መለካት አለበት።

ኤሌክትሪክ

እንደ ማሻሻያ ሊቲየም ባትሪን የሚስተካከል ያለ አይመስለኝም፤ ክብደትም ቦታም ያተርፋል። 100 አምፒር ሰዓት የሚይዝ የእርሳስ ባትሪ 27 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ዕድሜው እንዳያጥር የሚመከረውም ግማሹን ብቻ መጠቀም ነው። ተመሳሳይ አቅም ያለው ሊቲየም አይረን ፎስፌት ከ11 እስከ 14 ኪሎ ሆኖ አብዛኛውን ኃይሉን ይሰጣል። ነገር ግን ከዜሮ ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ቻርጅ ሲደረግ ይጎዳል፤ የድሮው ቻርጀርም ለእሱ በሚሆን ቮልቴጅ ላይሠራ ይችላል። ሁለቱን ሳያገናዝብ ባትሪ ብቻ የሚቀይር ሰው ገንዘቡን ያባክናል። ፊውዙ ከባትሪው ፖዘቲቭ ጫፍ አጠገብ መሆን አለበት።

ጣሪያ ላይ ሶላር የሚተክል ሰው በእያንዳንዱ ቀዳዳ ላይ ቡቲል ቴፕ የሚባለውን ውሃ የማያስገባ ተለጣፊ ጎማና ለዚያ የጣሪያ ዓይነት የሚስማማ ማሸጊያ ያድርግ፤ በየጥቂት ወሩም ወጥቶ ይፈትሸው። ተሳቢ ቤትን ከሁሉም በላይ የሚገድለው ውሃ ነው፤ በጣሪያ የገባ ጠብታ ወለሉ እስኪበሰብስ ድረስ ላይታይ ይችላል።

ከሥር

ማከማቻው ሲጨምር ክብደቱን የሚሸከሙት ከሥር ያሉት ክፍሎች ናቸው። በባሌስትራዎቹ ማያያዣ ላይ ከፋብሪካ የሚመጡት የፕላስቲክ ቦኮላዎች ቶሎ ይበላሉ። የነሐስ ቦኮላና ግሪስ የሚገባበት ቡሎን መግጠም በዚህ ቤት ዕድሜ ላይ ዓመታትን የሚጨምር ሥራ ነው። ጎማዎቹ ምንም ያህል ጥርሳቸው ቢቀር በዕድሜ ይደክማሉ፤ በጎናቸው ላይ ያለው ባለ አራት አኃዝ የምርት ቀን፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለት አኃዞች ሳምንቱን የቀሩት ዓመቱን የሚነግሩት፣ ዕቃ ከመጨመር በፊት መነበብ አለበት። ለዚህ ሥራ ጎማ ከተፈታ ዳዶዎቹ የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ የቶርክ ቁልፍ አምራቹ በጻፈው ልክ ይጠብቃሉ፤ ከ80 ኪሎ ሜትር ያህል ጉዞ በኋላም ቆሞ ደግሞ መፈተሽ ነው።